የአሠልጣኙ ረዳቶችና የደጋፊው ቅሬታ

በድሬዳዋ ስለ እግር ኳስ የሚነሣ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በተጫዋቾች ላይ ነው። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ፣ ማን ግብ ሳተ የሚለው ጥያቄ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥርም ሆነ በመጋላ ሻይ ቤቶች ዘወትር ይነሣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በምደግፈው ቡድን ውስጥ የተነሣው ቅሬታ ከዚህ የተለየ ነበር። አዲስ የተቀጠረው ዋና አሠልጣኝ ምክትሉን፣ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኙንና የአካል ብቃት አሠልጣኙን ቀድሞ ከሠራበት ቡድን ይዞ መጣ። የከተማውን ታዳጊዎች ለብዙ ዓመታት ሲያሠለጥኑ የኖሩት አንጋፋ ሰው ግን ቦታ ሳያገኙ ቀሩ። ቡድኑ በተከታታይ ሲሸነፍ የደጋፊው ቁጣ በእነዚህ ሦስት እንግዶች ላይ ወረደ። «የራሱን ሰዎች ሰበሰበብን!» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ።

እኔም በነገሩ አዝኜ ነበር። ይሁን እንጂ ቅሬታውን በጥሞና ስመረምረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውበት አገኘሁ። አንደኛው፣ ሰዎቹ ከሌላ ቦታ መምጣታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ለምን እንደ ተመረጡና ምን እንደሚሠሩ ለደጋፊው የነገረው አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ ሚዛን የሚደፋ አይመስለኝም፤ ሁለተኛው ግን ተገቢ ነው።

በቅድሚያ ረዳቶች ለቡድኑ የሚያበረክቱትን እንመልከት። ዋና አሠልጣኝ ከሃያ በላይ ተጫዋቾችን ብቻውን ሊከታተል አይችልም። እርሱ ስለ አጥቂዎቹ ሲያስብ ግብ ጠባቂው ኳስ የሚይዝበትንና የሚቆምበትን ስፍራ የሚያርም ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ልምምዱ በየትኛው ሰዓት ቢደረግ እንደሚሻል፣ ማን እንደ ደከመና ማን ማረፍ እንዳለበት የሚለካው የአካል ብቃት አሠልጣኙ ነው። የተጎዳውን የሚያነሣው ወጌሻው ነው። ደብዳቤውን፣ የተጫዋቾቹን መታወቂያና የቅጣት ካርዱን የሚመዘግበው ደግሞ የቡድን መሪው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የቡድን ሥራም ተከፋፍሎ ካልተያዘ ሸክም ይሆናል።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ትንሽ የሚመስለው እንኳ ሲጓደል የሚያስከትለውን ጉዳት አገራችን ራሷ አይታዋለች። ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ወደ ቦትስዋና ተጉዞ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ረታ፤ ሕዝቡም በደስታ አደባባይ ወጣ። ነገር ግን በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈ አንድ ተጫዋች አስቀድሞ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ መሰለፍ አይገባውም ነበር። ፊፋም ውጤቱን ሰርዞ ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ወሰነ። ቡድኑ በኋላ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ከምድቡ ቢያልፍም፣ በሜዳ ላይ በላብ የተገኘው ሦስት ነጥብ በመዝገብ አያያዝ ጉድለት ጠፍቷል። የአሠልጣኝ ረዳቶች ምርጫ ደጋፊውን ቢያሳስበው እንግዲህ የሚያስገርም አይደለም።

አሠልጣኙ የሚያውቃቸውን ሰዎች መምረጡስ ጥፋት ነውን? በእንግሊዝ አገር ብራያን ክላፍ የተባለው አሠልጣኝ ከረዳቱ ከፒተር ቴይለር ጋር እየሠራ በ1972 እ.ኤ.አ. ደርቢ ካውንቲን የአገሩ ሻምፒዮን አደረገ። በ1974 እ.ኤ.አ. ቴይለር በብራይተን ሲቀር ክላፍ ያለ እርሱ ሊድስ ዩናይትድን ለማሠልጠን ሄደ፤ ከ44 ቀን በኋላም ተሰናበተ። ሁለቱ በኖቲንግሃም ፎረስት እንደገና ሲገናኙ ግን በ1979 እና በ1980 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የአውሮፓን ዋንጫ አነሡ። ለክላፍ ውድቀት ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። ሆኖም የሁለቱ ታሪክ የሚመሰክረው አሠልጣኝና ረዳት እንደ በሬ ጥማድ መሆናቸውን ነው፤ ያልተስማማ ጥማድ እርሻውን አያቀናም። ቡድኑ ሲወድቅ የሚጠየቀውና የሚባረረው ዋናው አሠልጣኝ እስከሆነ ድረስ የሚረዱትን የመምረጥ መብት ሊኖረው ይገባል።

«ከሌላ ቦታ መጡ» የሚለውን ወቀሳ ደግሞ የድሬዳዋ ታሪክ ራሱ ይቃወመዋል። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ ነው። ሐዲዱን ተከትሎ ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራተኛና ነጋዴ በአካባቢው ከነበረው ሕዝብ ጋር ተዋሕዶ ድሬዳዋን ድሬዳዋ አደረጋት። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን የከተማው ኩራት ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ ኤርትራ ውስጥ ከጣልያናዊ አባት የተወለደ ሰው ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ እርሱ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድም አንዱ ምድብ በድሬዳዋ ተጫውቷል። ከዚያ ምድብ አልፋ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ስትሆን፣ አሠልጣኟ ሮማኒያዊው ማርዳሬስኩ ነበር። ስለዚህ በዚህ ከተማ ሰውን «ከየት መጣህ?» ብሎ መመዘን የገዛ አባትን ታሪክ መርሳት ነው።

ነገር ግን የመምረጥ መብት ያለው ሰው ምርጫውን የማስረዳት ግዴታም አለበት። ደጋፊው በጠራራ ፀሐይ ተሰልፎ፣ ከኪሱ ከፍሎ ወደ ሜዳ የሚገባ የቡድኑ ባለቤት ነው። አዲሱ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ የት ሠለጠነ? ከካፍ የሲ፣ የቢ ወይስ የኤ ደረጃ ፈቃድ አለው? ቀድሞ ያሠለጠናቸው ግብ ጠባቂዎች ምን ለውጥ አሳዩ? እነዚህ ጥያቄዎች ስድብ አይደሉም። መልሳቸው በግልጽ ቢነገር ኖሮ ከሐሜቱ ግማሹ ባልተወለደ ነበር። ዝምታ ግን ችሎታ ያለውንም ሰው ከዘመድ አዝማድ ጋር ያስቆጥረዋል።

እውነተኛውን ጉዳት ያየሁት ከስታዲየሙ ውጭ ነው። ከቦታው የተገለሉትን አንጋፋ አሠልጣኝ አንድ ማለዳ በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ልጆች ሲያለማምዱ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ በነገሩ አልተቀየሙም?» አልኳቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «የኔስ ግድ የለም፤ አሠልጣኙ የሚሄድ ሰው ነው፣ ሲሄድ ረዳቶቹም ይሄዳሉ። እነዚህን ልጆች በስማቸው የሚያውቅ ሰው በቡድኑ ውስጥ ካልቀረ ማን ወደ ላይ ያሳድጋቸዋል?» አሉኝ። በንግግራቸው ውስጥ ስለ እንግዶቹ አንዲት ክፉ ቃል አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ክርክር ሲነሣ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አሠልጣኙ የቅርብ ረዳቶቹን ይምረጥ፤ ስለ ምርጫውም መልስ ይስጥ። የቡድኑ አስተዳደር ደግሞ ከከተማው የወጣ አንድ ባለሙያ ከማንኛውም አሠልጣኝ ጎን ሆኖ እንዲሠራ፣ እንዲማርና ታዳጊዎቹን እንዲከታተል ቋሚ ቦታ ይስጠው። እንግዳው ዕውቀቱን ያመጣል፣ የአገሩ ልጅ ይማራል፣ አሠልጣኙ ሲሰናበትም ዕውቀቱ አብሮት አይሰናበትም። ደጋፊውም «የማን ሰው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ምን ያውቃል፣ ለማንስ አስተማረ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ የሚሯሯጡት ልጆች የሚጠብቃቸው ሰው አያጡም።