ስልኩ የማን ነው? ከእንጦጦ ራጉኤል እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

አክስቴ የሚኖሩት እንጦጦ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። አማቴ ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእኛ ጋር ናቸው። ዕድሜያቸው ይቀራረባል። ሁለቱም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ቀፎ ነበር፤ አረንጓዴውን ተጭነው ያነሣሉ፣ ቀዩን ተጭነው ይዘጋሉ፣ ሌላ ነገር አይነኩም። አሁን ሁለቱም ስማርት ስልክ ይዘዋል፤ የሁለቱም ስልክ የሚሠራው በአንድሮይድ ነው።

አክስቴ መርጠው አይደለም። ሽሮ ሜዳም ሆነ መርካቶ የስልክ ሱቅ የገባ ሰው ቴክኖ ቢገዛ፣ አይቴል ቢገዛ፣ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ቢገዛ ዞሮ ዞሮ ያው አንድሮይድ ነው። ለአማቴ ግን አስበንበት ነው። እዚህ አካባቢ የማውቀው ሐበሻ አብዛኛው አይፎን ይይዛል፤ አይፎን በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ቢያሳይም የራሱን ምናሌ በአማርኛ አይሰጥም። አንድሮይድ ይሰጣል። አማቴ ደግሞ ሳያነቡ ምንም ነገር የሚጫኑ ሴት አይደሉም።

ሥርዓቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሴቶች ዛሬ ፍጹም የተለያዩ የስልክ ባለቤቶች ናቸው። ለምን እንደሆነ ሳስብ ቆይቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች

አዲስ ስልክ ገና ሲከፈት መጠየቅ ይጀምራል። ቋንቋህ የቱ ነው? ዋይፋይህስ? የጉግል አካውንት አለህ? ከሌለህ ስም ከነአባት፣ የትውልድ ቀን፣ የይለፍ ቃል አምጣ። ይህን የሠሩት መሐንዲሶች በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት አንድ ሰው አለ፤ ብቻውን የተቀመጠ፣ ማንበብ የሚችል፣ ቤቱ ኢንተርኔት የገባለት፣ ስልኩን ለማንም የማያውስ ሰው።

አክስቴ እነዚያን ጥያቄዎች አላዩአቸውም። የሱቁ ልጅ ቀፎውን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ሲሙን ከትቶ፣ ሁሉንም እሱው እየመለሰ አለፈ። ጂሜይሉን ከፈተ፤ ቴሌግራምና ኢሞን ከራሱ ስልክ በዜንደር አሳለፈላቸው፤ ቴሌብር ጫነ፤ ሚሞሪው ላይ መዝሙርና ስብከት ሞላበት፤ ግላስ ለጠፈ፣ ኮቨር አለበሰ። አክስቴ ሒሳብ ከፍለው ሲወጡ ስልኩ በሙሉ አቅሙ ይሠራ ነበር።

እዚህ ያው ጥያቄ እሑድ ከሰዓትን ሙሉ ፈጀ። ከቅዳሴ መልስ ባለቤቴ አጠገባቸው ተቀምጣ አማቴ እያንዳንዱን መስመር ድምፅ አውጥተው አነበቡ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀስ ይላሉ፣ ግን አንድም ቃል አይዘሉም። የትውልድ ዘመናቸው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተቀየረ፤ የማረጋገጫ ቁጥር መጣ፣ ገባ፤ የይለፍ ቃል ተመረጠ፣ ተደገመ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ስልክ ለመያዝ ነው? ለቪዛ እንኳ ይኼን ያህል አልጠየቁኝም» አሉ።

ማን ያስተምራል?

እንጦጦ ላይ ስልክ የሚለመደው ቡና ላይ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የጎረቤት ልጅ፣ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎን ቆሞ «እማማ፣ ይጫኑት፤ አይፍሩ፣ አይበላሽም» ይላቸዋል። የስልካቸው ምናሌ እንግሊዝኛ ነው። ሱቁ እንደዚያ የተወው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚያግዛቸው ወጣት ሁሉ የለመደው የእንግሊዝኛውን ነው፣ በአማርኛ ቢሆን ረዳቶቹ ራሳቸው መንገዱ ይጠፋቸዋል። አክስቴ ስለዚህ የሚያውቁት በቀለምና በቦታ ነው። ሰማያዊው ላይ ነጭ የወረቀት አውሮፕላን ካለ ቴሌግራም ነው፤ ማይክሮፎኑን ተጭኖ ማውራት፣ ሲያበቁ መልቀቅ። ብዙም ሳይቆዩ ድምፃቸውን ይልኩልኝ ጀመር፤ ከበስተኋላ ሦስት አራት ሰው «ልቀቂው፣ አሁን ልቀቂው!» ሲል ይሰማል።

የአማቴ አስተማሪ ስልኩ ራሱ ነው። በሥራ ቀን ቤት ውስጥ ሰው የለም፤ እኛ ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት። ምናሌው አማርኛ ስለሆነ ቅንብሮች ውስጥ ገብተው ያነባሉ፤ የፊደሉን መጠን ያሳደጉት ማንንም ሳይጠይቁ ነው። ጉግል በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛን ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሳቸውም ለኢትዮጵያ ዘመድ የሚጽፉት እየተናገሩ ነው፣ ስልኩ የሳተውን ፊደል በጣታቸው እየለቀሙ ያርማሉ። እንዲህ ሆነና አማርኛ በሚነገርበት አገር የአክስቴ ስልክ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የአማቴ ስልክ አማርኛ ሆኖ አረፈው።

ብቻቸውን የተማሩ ሰዎች ብቻቸውን ይደነግጣሉም። እዚህ አገር ልጅ ሲጠፋ ወይም ከባድ ማዕበል ሲመጣ በአካባቢው ያለ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ ነው። «በስመ አብ!» ብለው ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውረው እኛ እስክንመጣ ድረስ አልነኩትም። እንጦጦ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ ሳያባራ ግቢው ይሞላ ነበር፤ ግማሹ ይተረጉማል፣ ግማሹ ይስቃል።

ሰዓቱ ቦነስ አይረስ ነው

የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ስልኩ ላይ ሰባት ነው። ምናሌውን አማርኛ ብታደርጉትም ሰዓቱ የፈረንጅ እንደሆነ ይቆያል፤ ወሮቹም ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ እያሉ ይሄዳሉ። አብዛኛው የከተማ ሰው በሐሳቡ ስድስት እየቀነሰ ያነባል። አክስቴ ግን «ሰዓት ብሎ የሚዋሽ ምን ይሠራልኛል?» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

አንዳንዱ ሰው አውቶማቲክ ሰዓቱን አጥፍቶ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲደረግ ግን የሚገቡ መልእክቶች ይዛባሉ፤ አሁን የተላከ መልእክት ገና ያልደረሰ ሰዓት ተጽፎበት ይመጣል። ያ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የተሻለ ዘዴ አገኘ፤ ሰዓቱን ሳይነካ የስልኩን የሰዓት ቀጠና ቦነስ አይረስ አደረገው። ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ የእሷ የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ የአበሻ ሰዓት ጋር ይገጥማል። መልእክቶቹም አይዛቡም። ቀኑ እንኳ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ መሆኑ ቀርቶ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ። አክስቴ ለኪዳን ጸሎት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን ያስደውላሉ፤ በሰዓቱ ይደውላል። ስልካቸው አርጀንቲና እንዳለ እርግጠኛ ነው፤ እሳቸው ራጉኤል ደጅ ይደርሳሉ።

አማቴ ሁለቱንም ሰዓት ይዘው ነው የሚኖሩት። አውቶቡስና መድኃኒት በአሜሪካ ሰዓት፣ ወደ አገር ቤት ስልክ በእኛ።

ዳታ ያለውና ዋይፋይ ያለው

ዋናው ልዩነት ግን ለዓይን የማይታየው ነው። አክስቴ ዳታ የሚከፍቱት ሲፈልጉ ብቻ ነው። በ*999# ጥቅል ይገዛሉ፣ ያወራሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ። ጥቅሉን በደንብ የሚያወጡት መስከረም 1 ነው፤ ራጉኤል ሲነግሥ። ታቦቱ ሲወጣ ስልኩን ከፍ አድርገው ይይዙልናል፤ እዚህ ገና ሌሊት ነው፣ ሁላችንም ነቅተን አንዷን ስክሪን ከበን እናያለን።

አንድሮይድ ግን ብዙ ሥራውን የሚሠራው ባለቤቱ ሳያየው ነው። ትላልቅ ማሻሻያዎችን የሚያወርደውና ፎቶ የሚያስቀምጠው ዋይፋይ ሲያገኝ፣ በተለይም ሌሊት ቻርጅ ላይ ሲሆን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ስልክ ይህን ሁሉ ያገኛል። እንጦጦ ያለው አያገኝም። ስለዚህ የአክስቴ ስልክ ከሱቅ እንደወጣ ነው ያለው፤ የደኅንነት ማሻሻያ አልደረሰውም፣ ፎቶዎቻቸው ያሉት እዚያው ቀፎው ውስጥና ሚሞሪው ላይ ብቻ ነው። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ጠንቃቃ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ለዚህ ጠንቃቃነት ቦታ አላዘጋጀለትም።

አማቴ ዘንድ ችግሩ የዚህ ግልባጭ ነው። ስልኩ ሌሊት ራሱን አሻሽሎ ያድርና ጠዋት መልኩ ተቀይሮ ይጠብቃቸዋል። ትናንት ግራ የነበረው ዛሬ ቀኝ፣ ክቡ አራት ማዕዘን። «ማን ነካብኝ?» ብለው ልጆቹን ይጠረጥራሉ። አክስቴ በቦታና በቀለም ስለተማሩ የስልካቸው አለመለወጥ ይጠቅማቸዋል፤ ደኅንነቱን ግን ያሳጣቸዋል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አንድ ቀን የአክስቴ ስልክ ደርቆ ቀረና አንድ ጠጋኝ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ አስነሣው። ስልኩ ሲነሣ ቀድሞ የነበረውን አካውንት ጠየቀ። ይህ የስርቆት መከላከያ ነው፤ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ነው። የሰረቀው ሰው እንዳይጠቀምበት ታስቦ የተሠራው ነገር የስልኩን ባለቤት ከውጭ አስቀራቸው፤ አካውንቱን የከፈተው የሱቁ ልጅ ሱቁን ከለቀቀ ቆይቷል፣ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቅ አልተገኘም። በገንዘባቸው የገዙት ስልክ ካርታው በሌላ ሰው ስም የወጣ ቤት ሆነባቸው። ቀፎው በኋላ ተከፈተ፤ የልጅ ልጃቸው የክርስትና ፎቶዎች ግን አልተመለሱም።

ገንዘቡም እዚያው ስልክ ላይ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ከባሕር ማዶ የምንልከውም በስልክ የሚደርስበት ጊዜ እየበዛ ነው። ስልክ የጋራ በሆነበት ግቢ ግን ፒኑም የጋራ ይሆናል። «ቁጥሩን ለልጁ ንገሪው፣ እሱ ያስገባልሻል» ማለት እንጦጦ ላይ መተማመን ነው። ችግሩ «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል እንግዳ ሲደውል ነው፤ ፒን መናገር የለመደ ሰው ለእሱም ይናገራል።

አማቴ ዘንድ ደግሞ ቁልፉ ከመጥበቁ የተነሣ ለእኛም አልከፈት አለን። ታመው ሆስፒታል ባደሩ ጊዜ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ስልካቸው ውስጥ ነበር፤ ስልኩ የሚከፈተው በአውራ ጣታቸው ነው፤ እሳቸው ተኝተዋል። አንድሮይድ ሳይከፈት የሚታይ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ ማስቀመጫ አለው፤ የደም ዓይነት፣ መድኃኒት፣ የሚደወልለት ሰው። አሁን ተሞልቷል።

ስልክ ለምትልኩ

እኔ የምለው ይኼ ነው፤ ማስተማሩ እንደ እንጦጦ፣ ቁልፉ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን። ሰው በሰው ሲማር አይፈራም፣ ቶሎ ይለምዳል፣ ይስቃል። አካውንትና ፒን ግን የባለቤቱ መሆን አለባቸው። ከዚህ አገር ለእናት፣ ለአክስት፣ ለአጎት ስልክ ከመላካችሁ በፊት፦

ያገለገለ ከሆነ የእናንተን አካውንት አውጡለት፤ ውስጡን አጥፍታችሁ ብቻ ከላካችሁት እዚያ ሲደርስ የእናንተን የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። የስልክ ኩባንያው የቆለፈው ከሆነም አስከፍቱት፤ ካልሆነ የኢትዮጵያ ሲም አይቀበልም።

አካውንቱን በእሳቸው ስም፣ ከእሳቸው ጋር በስልክ እያወራችሁ ክፈቱ። መልሶ ማግኛ ቁጥሩን የእናንተን አድርጉት። የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ መታወቂያቸው ያለበት ቦታ ይቀመጥ።

የቴሌብር ፒን ለማንም እንዳይነገር፣ ለእናንተም ጭምር፣ ተነጋገሩ። ስልኩን የጎረቤት ልጅ ይንካ፤ ፒኑን ግን እሳቸው ይምቱ።

ለእረፍት ስትሄዱ ስልካቸውን ተቀብላችሁ ያረፋችሁበት ቤት ዋይፋይ ላይ አሳድሩት። ማሻሻያው ይውረድ፣ ፎቶው ይቀመጥ። ጠዋት ስትመልሱላቸው ምን ቦታ እንደቀየረ አብራችሁ አሳዩአቸው።

ያን የስምንተኛ ክፍል ተማሪም አትርሱት። ኩባንያዎች የደንበኛ አገልግሎት ብለው የሚከፍሉበትን ሥራ እሱ ቡና ላይ በነፃ ይሠራዋል፤ የሰዓቱንም መላ ያገኘው እሱ ነው። ለአክስቴ ካርድ ስሞላ ለእሱም እሞላለሁ።