ቤዝቦልን ስንዳኝ

የማኅበራችን አባላት ባገኙን ቁጥር «እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የቤዝቦል ዳኛ የሆናችሁት?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ቀልድ የተቀላቀለበት ቢሆንም፣ መልሱ ለሌሎችም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ተነሥተናል።

እኛ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ነን። የስኮላርሺፑ ገንዘብ ወር እንደማያደርስ አንባቢ ያውቀዋል። እዚህ እስራኤል ቤዝቦል እንደ እግር ኳስና እንደ ቅርጫት ኳስ የተስፋፋ አይደለም፤ የአገሪቱ የቤዝቦል ማኅበር የተቋቋመው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጨዋታውን ይዘው የቆዩት በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን አንድ የክፍል ጓደኛችን «ልጆች ሞልተዋል፣ ዳኛ ግን የለም» ቢለን፣ ጥቂት የኪስ ገንዘብ እናገኝ ይሆናል በማለት ገባንበት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንንገር። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል፤ ከመቺው ኋላ ቀላቢው ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ከቀላቢው ኋላ ደግሞ ፊቱንና ደረቱን በመከላከያ የሸፈነ ዳኛ ይቆማል። መቺው ያልሞከረው ኳስ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ሰሌዳ በላይ፣ በታዳጊዎች ደንብ ከብብት እስከ ጉልበት ባለው ቦታ ካለፈ «ስትራይክ» ነው፤ ካላለፈ «ቦል» ነው። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣል፤ አራት ቦል ደግሞ ወደ አንደኛው ቤዝ በነፃ ያሳልፈዋል። ስለዚህ መለኪያው በሜዳ ላይ የተሰመረ መስመር ሳይሆን የልጁ አካል ነው። ረጅምና አጭር ልጅ ተከታትለው ሲመጡ ዳኛው ሚዛኑን ከእያንዳንዱ ጋር ማስተካከል አለበት።

የታዳጊዎች ወርዋሪ የሚቆመው ከሰሌዳው 14 ሜትር ያህል ርቆ ነው። ኳሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ ዳኛው ለማየት ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ያስተማሩን ሰው ግን አጥብቀው የነገሩን ስለ ፍጥነት አልነበረም። «ኳሱ ጓንት ውስጥ ገብቶ እስኪያርፍ ድረስ ዓይናችሁ ይከተለው፤ ከዚያ አንድ ትንፋሽ ቆዩ፤ ከዚያ ተናገሩ» አሉን። ይህን ትምህርት በታማሚዎች ክፍል ውስጥም ይዘነው ገብተናል። የታማሚውን ታሪክ ሳያዳምጡ የበሽታውን ስም መጥራት፣ ኳሱ ሳያርፍ እጅን እንደ ማንሣት ነው።

በዕብራይስጥ የችሎት ዳኛም የጨዋታ ዳኛም «ሾፌት» ይባላል፤ በዚህ ነገር ከአማርኛችን ጋር ይስማማል። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሁለት ተሟጋቾች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። መንገደኛው የሚታመነው የሁለቱም ወገን ባለመሆኑ ነው። እኛም በሰው አገር መንገደኞች ነንና ዳኝነቱ የሚስማማን ይመስለን ነበር። ሆኖም ለመዳኘት መታመን ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ወደ ከፍተኛው ሊግ ሲገባ ጥቁር ተጫዋች ተቀባይነት አገኘ። ጥቁር ዳኛ ግን እስከ 1966፣ ኤሜት አሽፎርድ እስኪሾም ድረስ፣ 19 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በዚያው ሊግ ጨዋታ የዳኘች የመጀመሪያዋ ሴት ጄን ፓዎል ስትሆን፣ ይህም የሆነው በ2025 ነው። እንዲጫወት የተፈቀደለት ሁሉ እንዲፈርድ አልተፈቀደለትም።

ከሁሉም የከበደን ቀን ግን በስትራይክና በቦል የመጣ አይደለም። የሕክምና ተማሪዎች «ኮሞሽዮ ኮርዲስ» የሚባለውን ያውቁታል። ጤነኛ ልጅ ደረቱ ላይ በኳስ ሲመታ፣ ምቱ ልብ ለቀጣዩ ትርታ በምትዘጋጅበት እጅግ አጭር ቅጽበት ላይ ከዋለ፣ የአጥንት ስብራት ሳይኖር የልብ ትርታ ሊቃወስና ልጁ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል። ነገሩ ብርቅ ቢሆንም በብዛት ከሚታይባቸው ጨዋታዎች አንዱ የታዳጊዎች ቤዝቦል ነው። መድኃኒቱ ደረትን ወዲያውኑ መጫንና ዲፊብሪሌተር የተባለውን ልብ የሚያስተካክል የኤሌክትሪክ መሣሪያ መጠቀም ነው፤ በዘገየው ደቂቃ ቁጥር ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት «መሣሪያው የት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ወደ ከተማ ሄዷል» ተባልን። እኛም ቁልፉ እስኪመጣ ጨዋታው አይጀመርም አልን። አሠልጣኞቹ ተቆጡ። ሰንበት ሳይገባ ወደ ቤታቸው ለመድረስ የቸኮሉት ወላጆች ጮኹ፤ አንዱማ «ዳኛ ጠራን እንጂ ሐኪም አልጠራንም» አለ። ሌላ ጊዜ እንዳንጠራ የሚያደርግ ነገር እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል፤ የወሩ የአውቶቡስ ገንዘብም በዚያ ላይ ነበረ።

ከወላጆቹ መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ነበሩ። ወደ እኛ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ልጆቼ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አሉን። «አባባ፣ ልጅ ቢወድቅ የሚያነሣው መሣሪያ ተቆልፎበታል» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና በዕብራይስጥ ለሌሎቹ አስረዱልን፤ ከዚያም ሄደው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁልፉ ከ25 ደቂቃ በኋላ መጣ። መሣሪያውን ከሜዳው አጥር ጋር አንጠልጥለን «ጀምሩ» አልን።

በሦስተኛው ኢኒንግ የእኒያው አባት ልጅ ተራው ደረሰ። ሦስተኛው ኳስ በጉልበቱ በላይ፣ በሰሌዳው ጠርዝ አለፈ። ዓይናችን ተከተለው፤ አንድ ትንፋሽ ቆየን፤ «ስትራይክ ሦስት» ብለን አስወጣነው። ልጁ እንባ አውጥቶ ወጣ። ጨዋታው ሲያበቃ አባትየው ልጁን እጁን ይዘው ወደ እኛ አመጡትና «እጅ ንሣ» አሉት። ስለ ፍርዱ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኛም አላነሣንም።

ከዚያ ወዲህ ያ ክለብ ጠርቶን አያውቅም። ሌሎች ሁለት ክለቦች ግን ይጠሩናል፤ ገና ከመኪና ሳንወርድም መሣሪያው የት እንዳለ በጣታቸው ያሳዩናል።

ከአባላቱ መካከል ዳኝነትን መሞከር የሚፈልግ ቢኖር፣ በተለይ እኅቶቻችን፣ በፈተና ማግሥት እናስተምራለን። ጨዋታውን ቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም። የደረት መጫንን ሥልጠና ግን ዳኛ ሆናችሁም ሳትሆኑ ሁላችሁም ውሰዱት።