ከግድቡ ሥር ከማረፋችሁ በፊት

ለፋሲካ ወደ ደቡብ ብቅ ልትሉ ያሰባችሁ ካላችሁ እስቲ ስሙኝማ።

ዲላን አልፋችሁ በሞያሌው አስፋልት ስትወርዱ ቡሌ ሆራን፣ ታላላቆቻችን ሀገረ ማርያም የሚሏትን ከተማ ታገኛላችሁ። ከዚያ ወደ ያቤሎ ቆላው ሲከፈት ቦረናዎች «ሐሮ» የሚሉት ኩሬ ብቅ ይላል። አንዳንዱ የተቆፈረ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የጎርፍ መንገድ በአፈር ተገድቦ የተሠራ። ውሃውንና ወፉን ሳይ እዚያው ልደር አሰኝቶኝ ነበር።

ግን ያረጀ አፈር ከመታመኑ በፊት መታየት አለበት። ከብት የረገጠው ቦታ ዝቅ ይላል፤ ግድቡ ሲሞላ ውሃው በዚያው አልፎ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ቦረናዎች ሐሮውን በእሾህ አጥረው ከብቱን በገንዳ የሚያጠጡት፣ ደለሉንም የሚጠርጉት በዋዛ አይደለም። የትርፍ ውሃ መውጫው ከተደፈነ አደጋ ነው። ከግድቡ ጀርባ የሚፈሰው ውሃ ከደፈረሰማ አፈሩ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።

«ኩሬ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉ። በጎረቤት ኬንያ፣ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአንድ እርሻ የአፈር ግድብ በዝናብ ወራት ምሽት ላይ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

የቦረናም ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ ድንኳናችሁን ከፍ ካለ ቦታ ትከሉ። እናንተስ ነገ ትሄዳላችሁ፤ ከግድቡ በታች ጎጆ ያለው ሰው ግን እዚያው ነው የሚያድረው። ያያችሁትን ሳትነግሩት አትሂዱ።