«አፈኑት!» ይል ነበር አባቴ

አባቴ ማታ ማታ ሬድዮኑን ከጆሮው አያርቅም ነበር። በአጭር ሞገድ የሚመጣውን የውጭ አገር የአማርኛ ስርጭት ለመያዝ አንቴናውን በሽቦ አስረዝሞ መስኮቱ ላይ ያስረዋል። ዜናው ሞቅ ሲል ድምፁ ይርቃል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይርቃል፣ ከዚያ ሹሹታ ብቻ ይቀራል። «አፈኑት!» ይላል። እኛም ልጆቹ አፈኑት እንላለን። ማፈን የሚባል ነገር በእርግጥ ነበር፤ የኖረበት ያውቀዋል። ግን ድምፁ ዘፈን ሲዘፈንም ይጠፋ ነበር። ዘፈን ማን ያፍናል? ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ ሌባ ከተባልኩ ወዲህ ነው።

ሥራዬ መሬት መለካት ነው። አንድ ጊዜ የሁለት ጎረቤታሞችን ማሳ እንድለካ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ሄድኩ። የአንደኛውን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ የሌላኛውን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ገደማ፣ በእጅ በሚያዝ ርካሽ ጂፒኤስ ዙሪያውን ዞሬ ለካሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳወጣው የጋራ ወሰናቸው ሁለት መስመር ሆኖ ቁጭ አለ። መሐላቸው ስድስት ሜትር ያህል የማንም ያልሆነ፣ ወይም የሁለቱም የሆነ መሬት ተዘርግቷል። ጠቅላላ ይዞታው አንድ ሄክታር ለማይሞላ ገበሬ ይህ የአንድ ልጅ ድርሻ ነው። በማግስቱ ሽማግሌው «ልጄ፣ ድንጋዩ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተራመደ ወይ?» አሉኝ። ጎረቤታቸው ግን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «ስንት ሰጡህ?» አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሰማያችን ማንበብ የጀመርኩት። ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ደረቅ አይደለም።

ከላያችን ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ንብርብር አለ። እዚያ የፀሐይ ጨረር አቶሞችን እየመታ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይነቅላል። አዮኖስፌር ይባላል። የአባቴ አጭር ሞገድ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የሚደርሰው ይህ ንብርብር ወደ ምድር መልሶ ስለሚያጎብጠው ነው። የጂፒኤስ ሲግናል ግን ጥሶ ያልፋል፤ ሲያልፍ ይዘገያል። ተመራማሪዎች ከሳተላይቱ እስከ መሣሪያው ባለው አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ዐምድ ውስጥ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ይቆጥራሉ። አንዱ መቁጠሪያ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው፤ እያንዳንዱ መቁጠሪያ ርቀቱን በ16 ሳንቲ ሜትር ያሳስታል። ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት በእኛ አካባቢ ከቀትር በኋላ ቁጥሩ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። ይህ 16 ሜትር ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለው ማረሚያ ቀመር በአማካይ ግማሹን ያህል ብቻ ያነሳል። ጠዋት ኤሌክትሮኑ ገና አልተጠራቀመም፣ 8 ሰዓት ላይ ጫፍ ይደርሳል። እኔ የለካሁት በእነዚህ በሁለቱ ሰዓቶች ነው። (ጥፋቱ ሁሉ የሰማዩ ነው አልልም። ዛፍ አለ፣ የሳተላይቶቹ አቀማመጥ አለ፣ የእኔም ችኮላ አለ።)

ሰማያችን ደግሞ እንደ ሌላው ሰማይ አይደለም። የምድር ማግኔት ወገብ፣ ማለትም የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል የሚተኛበት መስመር፣ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል፤ ከአዲስ አበባም ብዙ አይርቅም። በዚህ መስመር ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኤሌክትሮጄት የሚባል ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ዓለም የጂኦፊዚክስ ዓመት ብሎ ሲነሳ አዲስ አበባ ላይ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ የቆመው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚሁ ወገብ ላይ ቀን ቀን ኤሌክትሮኖቹ እንደ ፏፏቴ ተገልብጠው ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ከዚያ በማግኔት መስመሮቹ ተንሸራተው ግራና ቀኝ ይወርዳሉ። የሰሜኑ ክምር የሚያርፈው ወደ ደቡብ ግብፅና ሳዑዲ ገደማ ነው። አዎ፣ ይሄም ወደ ግብፅ ይወርዳል። ለዚህ እንኳ እስካሁን የተደራደረ የለም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የንብርብሩ ታችኛው ክፍል ይናጋል። ኤሌክትሮን የሳሳበት አረፋ ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ ይፈላል፣ በዙሪያውም ንብርብሩ ይበጣጠሳል። በዚያ የሚያልፍ ሲግናል ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የሚበዛው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። የአባቴ የዜና ሰዓት!

ፔሩ በዚሁ ወገብ ላይ ናት። ሊማ አጠገብ ያለው የሂካማርካ ራዳር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰማዩን ሲያዳምጥ ኖሯል። ሳተላይቶች ግን ከፔሩ ሰማይ ይልቅ በአፍሪካ ሰማይ ላይ አረፋው እንደሚበዛ አሳይተዋል። መሬት ላይ ያሉት መለኪያዎች ደግሞ ከሁሉም አካባቢ የሚያንሱት እዚሁ ነው። የዓለም የኤሌክትሮን ካርታ ሲሳል የእኛ ቦታ በአብዛኛው የሚሞላው ከሩቅ ጣቢያዎች በተወሰደ ግምት ነው።

ሙከራ የለም ማለቴ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በቅኔ ቤቱ በምናውቀው በዋሸራ ስም የተሰየመ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው። ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ዶ/ር ባይሌ ዳምጤ ዶክትሬታቸውን ፊንላንድ የሠሩት በዚሁ የአዮኖስፌር ራዳር ላይ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መለኪያ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሪባን ተቆርጦ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚቀይር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መረጃውን የሚያስቀምጥ፣ ውጤቱን ለእኔ ቢጤው ለዋዩ የሚያደርስ በጀት ያስፈልጋል። የሰማይ መረጃ ተቆራርጦ ከመጣ ጥቅሙ ትንሽ ነው። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ አትለኩ» የሚል አጭር መልእክት በስልኬ መጥቶልኝ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከባድ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ በጂፒኤስ የሚመሩ የአሜሪካ ትራክተሮች በዘር ሰዓት መሐል ማሳ ላይ ቆመው ነበር። ገበሬዎቹ ከስረዋል፣ ተናደዋል። ግን ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ወጥቷል፣ ጥፋተኛዋም ፀሐይ እንደሆነች በዜና ተነግሯቸዋል። «ስንት ሰጡህ?» የተባለ ሰው አልሰማሁም።

የእኛን ወሰን በመጨረሻ ሽማግሌዎች ባሉበት በሜትር ለካነው። ድንጋዩ እዚያው የነበረበት ነው። አሁን ጎረቤታሞችን ስለካ የጋራውን መስመር አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማለዳ እለካለሁ። ሽማግሌው ሲያገኙኝ ያ ድንጋይ እንዴት አደረ እያሉ ይስቁብኛል። ጎረቤታቸው ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ባለፈው ይህንን ሁሉ ለአባቴ አስረዳሁት፤ አረፋውን፣ ኤሌክትሮኑን፣ የማታውን ሰዓት። አንድም ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ጋቢውን አስተካክሎ «ይሁን እሺ፤ ሰማዩንስ ማን አዘዘው?» አለኝ።