የቆርኪ ጎማዋ ባቡር

በ2007 ዓ.ም. የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ ሲጀመር ሸዋ ሮቢት ፊዚክስ አስተምር ነበር። የይፋት ቆላ በማሽን ድምፅ ተሞላ፤ የሳይንስ ክበብ ልጆቼም ባቡር ካልሠራን አሉ።

ጎማው ቆርኪ ነበር። ኤሌክትሪክ ከሐዲዱ እንዲቀበል ቀለሙን ፍቀው አነሱለት፤ ሁለቱ ሐዲዶች እንዳይገናኙ ደግሞ ዘንጉን ከእንጨት አደረጉት። ከተሰበረ የልጆች መኪና 3 ቮልት የሚበቃው ዲናሞ አወጡ። ያገኙት አዳፕተር ግን 6 ቮልት ነበርና ባቡሯ ኩርባው ላይ በደረሰች ቁጥር ከሐዲዱ ትፈናጠራለች።

ልጆቹ ሬዚስተር ቀጠሉላት። ሜዳው ላይ ረጋ አለች፤ ዳገቱ ላይ ግን ቆመች። ዲናሞው ሲከብደው ብዙ ከረንት ይስባል፤ ከረንቱ በጨመረ መጠን ሬዚስተሩ የሚያስቀረው ቮልት ይጨምራል። ጉልበት በሚያስፈልጋት ሰዓት ጉልበቷን ይነጥቃታል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ወደ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ይዣቸው ሄድኩ። ጠጋኙ በወጣትነታቸው በጣርማ በር መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበሩ። ባቡሯን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ጥድፊያዋን እንጂ አቅሟን አትንኩባት» አሏቸው። ከአሮጌ ሬዲዮ ዳዮዶች ነቅለው አራቱን በተርታ በሊድ በየዱ። አንድ ዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ ከረንቱ ቢጨምርም ያ መጠን እምብዛም አይለወጥም። ከ6 ቮልት 2.8 ሲነሳ ለዲናሞው 3.2 ይተርፈዋል። ወደ ኋላም እንድትሄድ ሌሎች አራት ዳዮዶችን በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን አሰሩላት።

ባቡሯ ኩርባውን በዝግታ ዞራ ዳገቱን ወጣች። ልጆቹ ሲጨፍሩ ጠጋኙ ስለ ጣርማ በር ያወሩላቸው ጀመር። ጣሊያኖች ከቆፈሩት ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ በፍሬን ብቻ የሚተማመን ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ ብልሁ አስቀድሞ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ይይዛል። እኔም ቀጠል አድርጌ፣ ትልቁ የኤሌክትሪክ ባቡርም ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት ለውጦ ራሱን እንደሚገታ ነገርኳቸው።

ለወራት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የደከምኩበት የኦም ሕግ በዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በአንድ ከሰዓት ገባቸው። እንዲህ ያለ ባለሙያ የሌለበት የይፋት ከተማ አላውቅም፤ የትምህርት ቤቶቻችን በር ሊከፈትለት ይገባል።