የጠራው ድምፅና ያልተጻፈው ስም

አንድ የሙዚቃ ሥራ በሸክላ ታትሞ ከሕዝብ ጆሮ ከደረሰ በኋላ ተፈጽሟል ብሎ ማመን የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ሠዓሊው ብሩሹን ካስቀመጠ በኋላ በሸራው ላይ ሌላ እጅ ሲያርፍበት ማየት እንደማንወድ ሁሉ፣ የተቀዳ ሙዚቃም እንደ ተቀዳ እንዲኖር እንሻለን። ይሁን እንጂ የቆዩ አልበሞችን እንደ ገና እያጠሩ ለገበያ ማቅረብ በምዕራቡ ዓለም ከፍተኛ ንግድ ከሆነ ውሎ አድሯል። የእንግሊዙ የፕሮግረሲቭ ሮክ ቡድን ፒንክ ፍሎይድ በጥር 1977 ያወጣው «አኒማልስ» (እንስሳት) የተሰኘ አልበምም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2011 ተጠርቶ ታተመ፤ በመስከረም 2022 ደግሞ ከሥር መሠረቱ እንደ ገና ተዋሕዶ ወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት የሙያ ሥራዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ማስተሪንግ ይባላል። ይህም ያለቀለትን ቅጂ ወስዶ የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት፣ ከፍታና ዝቅታ ማስተካከል ነው፤ የመስኮት መስተዋት እንደ መወልወል ቢቆጠር ከእውነት አይርቅም። ሁለተኛው፣ ሚክሲንግ የሚባለው፣ ከዚህ እጅግ የከበደ ነው። ባለሙያው ገና ሳይዋሐዱ በየመስመራቸው ወደ ተቀዱት ድምፆች ተመልሶ፣ ጊታሩን ለብቻው፣ ከበሮውን ለብቻው፣ ኦርጋኑን ለብቻው ይዞ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ ይሰማ የሚለውን እንደ ገና ይወስናል። ከቡድኑ ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራው የድምፅ መሐንዲስ ጄምስ ጋትሪ በ2018 ያከናወነው ይህን ሁለተኛውን ነው። ይህ ደግሞ ፍርድ መስጠት ነው።

አልበሙ የተቀዳው በ1976፣ ቡድኑ በሰሜን ለንደን ለራሱ ባቋቋመው በብሪታንያ ሮው ስቱዲዮ ነበር። አምስት ክፍሎች ያሉት፣ ከአርባ ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ሥራ ነው። የግጥሞቹ ደራሲና የባስ ጊታር ተጫዋቹ ሮጀር ዋተርስ፣ ጆርጅ ኦርዌል በ1945 ካሳተመው የእንስሳት ልብ ወለድ ሐሳቡን ተውሶ ሰዎችን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል፤ እርስ በርስ እየተናከሱ ሀብት የሚያሳድዱት ውሾች፣ በላይ ተቀምጠው በሌላው ምግባር ላይ የሚፈርዱት ዐሣማዎች፣ እየተነዱ የሚከተሉት በጎች። የኦርዌል ምሳሌ በስታሊን ዘመን ሥርዓት ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ዋተርስ ጅራፉን በራሱ አገር ካፒታሊዝም ላይ አዞረው። በመጽሐፉ ውስጥ መፈክር ከመድገም ያለፈ ድርሻ የሌላቸው በጎች፣ በአልበሙ ውስጥ ተነሥተው ውሾቹን ድል ያደርጋሉ።

እኔ ይህን ሥራ መጀመሪያ የሰማሁት ከቅጂ በተቀዳ ካሴት ነበር። ያኔ ጎልቶ የሚሰማው የዴቪድ ጊልሞር ጊታርና የዋተርስ ቁጡ ድምፅ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ከኋላ ያዘግማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሸክላውን ሳገኝም ጭጋጉ ቀለለ እንጂ አልተገለጠም፤ የ1977ቱ ቅንብር ራሱ ደረቅና የታፈነ ነበርና።

በአዲሱ ቅንብር ከጭጋጉ ውስጥ ወጥቶ የመጣልኝ ሰው የኪቦርዱ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት ነው። «ሺፕ» (በጎች) የተሰኘው ክፍል በበጎች ጩኸት ይከፈታል። ቀጥሎ ራይት ኤሌክትሪክ ፒያኖውን ለብቻው፣ ሳይቸኩል፣ በምሽት መስክ ላይ እንደሚመላለስ ነፋስ ይጫወታል፤ ባሱ ከሩቅ እየቀረበ እስኪመጣ ድረስ መስኩ የእርሱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዘፋኙ የያዘው ረጅም ኖታ ሳይቋረጥ ወደ ሲንተሳይዘር ድምፅ ይለወጣል፤ የሰው ጉሮሮ የት አብቅቶ መሣሪያው የት እንደ ጀመረ ለይቶ ለመናገር ያስቸግራል። «ዶግስ» (ውሾች) በተባለው ክፍል መካከልም የዘፋኙ የመጨረሻ ቃል እየተደጋገመ ሲርቅ፣ በላዩ የሚዘረጋው ሲንተሳይዘር አሁን ስፋትና ጥልቀት ያለው ሥፍራ ሆኖ ይሰማል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በድርሰት ባለቤትነት የተመዘገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከአምስቱ ክፍሎች አራቱ የዋተርስ፣ «ዶግስ» የዋተርስና የጊልሞር ተብለዋል። ራይት በአንዱም አልተጠቀሰም፤ በቡድኑ አልበሞች ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ክፍያውም በዘፈን ቁጥር ይሰላ ስለ ነበር፣ ለሁለት ተከፍላ በመግቢያውና በመደምደሚያው የገባችው አጭር የፍቅር ዜማ ለዋተርስ ሁለት ጊዜ ስትቆጠር፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ የሚፈጀው «ዶግስ» አንድ ብቻ ሆኖ ተቆጠረ። ጊልሞር በዚህ ቅር ተሰኝቷል። በፍትሕ ለመናገር ራይት ራሱ ከዚያ አልበም ሙዚቃ ብዙውን እንዳልወደደው በኋላ ገልጿል፤ የባለቤትነት ደንቡም ደራሲን እንጂ ተጫዋችን አይቆጥርም። ነገር ግን ያ የ«ሺፕ» መግቢያ፣ ከጣቶቹ የፈለቀው ዜማ፣ ድርሰት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ብዙም ሳይቆይ «ዘ ዎል» የተሰኘው አልበም ሲቀዳ ራይት ከቡድኑ እንዲወጣ ተደረገ፤ በ1980ና በ1981 በቀረቡት የመድረክ ትርዒቶች ላይ በደመወዝ ተቀጥሮ ተጫወተ። ትርዒቱ ከባድ ኪሣራ ስላስከተለና ኪሣራውን ባለቤቶቹ ስለ ተሸከሙ፣ ገንዘብ ይዞ የተመለሰው ደመወዝተኛው ብቻ ነበር፤ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ታውቅበታለች። ራይት በመስከረም 2008 አረፈ፤ አዲሱን ቅንብር አልሰማም።

ሥራው በ2018 ቢጠናቀቅም አራት ዓመት ያህል በመሳቢያ ውስጥ ቆየ። ያከራከረው የሙዚቃ ጋዜጠኛው ማርክ ብሌክ ለአልበሙ የጻፈው ማብራሪያ ነበር። ዋተርስ እንደሚለው ጊልሞር ማብራሪያው ካልተሰረዘ አልበሙ እንዲወጣ አልፈቀደም፤ ዋተርስም በ2021 ጽሑፉን ራሱ ይፋ አደረገው፤ አልበሙ ያለ ማብራሪያ ታተመ። በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሁለት አንጋፋዎች ከአርባ ዓመት በላይ ስላለፈው ድርሻ ገና ይሟገቱ ነበር።

ሽፋኑም የራሱ ታሪክ አለው። በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኘው በባተርሲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች መካከል ዐሣማ ይበርራል። በታኅሣሥ 1976 ለፎቶግራፍ የተሰቀለው በጋዝ የተነፋ ግዙፍ ዐሣማ ገመዱን በጥሶ አመለጠ፤ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በረራ አስተጓጉሎ በኬንት ገጠር ወደቀ። በሽፋኑ የምናየው የአንዱ ቀን ዐሣማ በሌላው ቀን ሰማይ ላይ ተለጥፎ ነው። ማመንጫው በ1983 ሥራ አቆመ። ያረጁት ጭስ ማውጫዎች ፈርሰው በነበሩበት መልክ እንደ ገና ተሠሩ፤ የድንጋይ ከሰል ይነድ በነበረበት ሥፍራ ግን የቅንጦት መኖሪያ፣ ሱቅና ቢሮ ገባ። ሕንፃው በዚህ መልክ ለሕዝብ የተከፈተው በጥቅምት 2022፣ አዲሱ ቅንብር በወጣ በወሩ ነው።

እድሳት እንዲህም ሊሆን ይችላል፤ መልኩ ይጠበቅና ውስጡ ለሌላ ጌታ ይሰጣል። ጋትሪ ከዚህ አደጋ በአብዛኛው ድኗል እላለሁ፤ በሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ስለ ዐሣማዎቹ በሚናገረው በሦስተኛው ክፍል የቀድሞው መታፈን ለቁጣው ያገለግል ነበር። ጊልሞር የጊታሩን ድምፅ በቱቦ ወደ አፉ አስገብቶ እንደ ዐሣማ የሚያስጮኸው እዚያ ነው። በ1977ቱ ሸክላ ጩኸቱ ከተዘጋ በረት ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ በአዲሱ ቅንብር አየር ስላገኘ አስፈሪነቱ ቀንሷል። ለዚህ ክፍል እኔ አሮጌውን እመርጣለሁ።

ሁለቱን ቅጂዎች የማግኘት ዕድል ያለው አንባቢ ከ«ሺፕ» ቢነሣ መልካም ነው። ዘፋኙ እስኪገባ ድረስ ያለውን መግቢያ መጀመሪያ ከ1977ቱ፣ ቀጥሎ ከአዲሱ ያዳምጥ። የድርሰቱ ባለቤትነት በአዲሱም እትም እንደ ቀድሞው የዋተርስ ብቻ ነው።