ኮትሊን በጃቫ ቤት

ዛሬ ሥራ ላይ፣ በጃቫ የተጻፈ የቆየ ፕሮጀክት ውስጥ አንድ የኮትሊን ፋይል ጨመርኩ። ያለ ምንም ጣጣ ሠራ!

የድሮዎቹን የጃቫ ክላሶች በቀጥታ ይጠራቸዋል። ሁለቱም ወደ ባይትኮድ ስለሚቀየሩ፣ የጃቫ ቨርቹዋል ማሽኑ ኮዱ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ አይጠይቅም።

ኮትሊንን በጣም የወደድኩለት ለናል (ለባዶ ዋጋ) ያለው ጥንቃቄ ነው። የአንድን ተለዋዋጭ ዓይነት "ስትሪንግ" ካላችሁት ናል አይቀበልም። እንዲቀበል ከፈለጋችሁ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ታደርጋላችሁ። ስህተቱ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ሳይደርስ፣ ገና ኮምፓይል ስታደርጉት ይያዛል።

ከጃቫ በኩል የሚመጣው ዋጋ ላይ ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ እዚያ ናል ሾልኮ ሊገባ ይችላል።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 ኮትሊንን የአንድሮይድ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎታል። ጃቫ የምትችሉ፣ ያላችሁን ሳትጥሉ በአንድ ፋይል ጀምሩ።

እንደ ኮትሊን በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚሠሩትን ስካላን ወይም ክሎዠርን የሞከራችሁስ አላችሁ? እንዴት አገኛችሁት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።